14 ጠገራ ብር ለመግዛት፦ ክብደቱ ልክ ሆኖ ድምፁ የደነዘዘው እውነተኛ ነው?

የሐይቅ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ላይ 14 ጠገራ ብር፣ ያ የንግሥት ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት የድሮ የብር ገንዘብ፣ ለሽያጭ ቀርቧል። ሻጩ አልነጣጥልም፣ ከወሰድክ ሁሉንም ውሰድ ባይ ነው። እስከ ሰኞ ካልተስማማን ባቲ ገበያ ይዞት ይወርዳል። በ0.01 ግራም ሚዛንና በካሊፐር የለካሁትን ላስቀምጥ።

ዘጠኙ ከ27.62 እስከ 28.05 ግራም ይመዝናሉ፤ ድንጋይ ላይ ጠብ ሲሉ ጥርት ያለ ድምፅ አላቸው። ሦስቱ የአንገት ጌጥ የነበሩ ናቸው፤ ጆሮ ተበይዶባቸዋል፤ 29.4፣ 29.9 እና 30.6 ግራም። አንዱ 24.58 ግራም ብቻ ነው፤ ስፋቱም ውፍረቱም ከሌሎቹ አይለይም፤ ቀለሙ ግን ነጣ ይላል። የመጨረሻው 28.11 ግራም ነው። ክብደቱ ልክ ነው፤ ድምፁ ግን የደነዘዘ፣ ውፍረቱም 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሌሎቹ 2.5 ነው።

የማላውቀው ይህን ነው። ሻጩ «ሁሉም 1780 ይላል፣ ከ240 ዓመት በላይ የቆየ ነው» ብሎ ከብሩ ዋጋ በላይ ይጠይቃል፤ ያስኬዳል ወይ? ጆሮ ያላቸውን ሦስቱን ለእናቴ አልቦ ማሠሪያ ላስቀልጣቸው አስቤያለሁ፤ እንዲሁ ይሆናሉ? የቀረው ለማስቀመጥ ነው። ለማስቀመጥ ከሆነ ከውጭ የሚመጣው የአንድ ኦንስ የብር ሳንቲም ይሻላል የሚሉኝ አሉ። ዘካው በስንቱ ላይ እንደሚታሰብም ብትነግሩኝ።

ልክና ሚዛን፦

ወንድሜ፣ ጥሩ ለክተሃል። የጎደለህ አንድ ልኬት ብቻ ነው፤ እሱም ይዘቱ፣ ማለትም የሚይዘው ቦታ ነው። ክብደትን ማስመሰል ቀላል ነው፤ ትንሽ ማወፈር ይበቃል። ስፋትንም ማስመሰል ቀላል ነው። ክብደቱንም ይዘቱንም ባንድ ላይ ማስመሰል ግን ከባድ ነው።

የጠገራ ልኩ የታወቀ ነው። ክብደቱ 28.0668 ግራም፣ ከሺህ 833 እጁ ብር፣ የቀረው መዳብ። ስለዚህ አዲስ ሆኖ ሲወጣ ውስጡ 23.39 ግራም ንጹሕ ብር አለ። የብር እፍግታ 10.49 ነው፤ ማለትም በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 10.49 ግራም። የመዳብ 8.96 ነው። ሁለቱ በጠገራው መጠን ሲቀላቀሉ 10.2 ገደማ ይመጣል። በዚህ ስሌት አንድ ጠገራ 2.75 ሴንቲ ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል፤ ውኃ ውስጥ ሲገባም ያንኑ ያህል ውኃ ይገፋል። ይህን ያው የያዝከው ሚዛን ይለካልሃል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ቀለል ያለ የፕላስቲክ ኩባያ ሚዛኑ ላይ አስቀምጥና ጠገራውን የሚያሰጥም ያህል ውኃ ጨምርበት። ብርጭቆ አትጠቀም። ትንንሾቹ የወርቅ ሚዛኖች ብዙዎቹ እስከ 200 ግራም ነው የሚይዙት፤ ብርጭቆውና ውኃው ያንን ያልፉታል። ውኃው ላይ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና አድርግ፤ ያለዚያ በፊቷና በንስሩ ቅርጽ ጎድጎዳዎች ውስጥ አረፋ ተጣብቆ ይቀራል። ሚዛኑን ዜሮ አድርገው። ጠገራውን በቀጭን የናይለን ክር እሰርና በእጅህ አንጠልጥለህ ሙሉ በሙሉ አስጥመው፤ የኩባያውን ታችም ጎንም እንዳይነካ። ታች ከነካ ሚዛኑ የጠገራውን ክብደት ያነባል፣ ልኬቱም ዋጋ የለውም። የጥጥ ክር ውኃ ስለሚጠጣ አይሆንም። እጅህ ከተንቀጠቀጠ ክሩን ከመጻሕፍት ቁልል ላይ ባጋደምከው እርሳስ ላይ እሰረው።

አሁን ሚዛኑ ላይ የምታየው ግራም የጠገራው ይዘት ነው። ደረቅ ክብደቱን ለዚህ ቁጥር አካፍለው። 10.1 እና 10.3 መሐል ከመጣ ለብር የሚመች ነው።

ማካፈሉን አትዝለለው። 2.75 ካልመጣ ብሎ እውነተኛውን የሚጥል ሰው አለ፤ ስሕተት ነው። ጠገራ በእጅ ብዛት ይሟሽሻል። 27.62 ግራም የሆነው ጠገራህ እውነተኛ ከሆነ የሚገፋው 2.71 ነው እንጂ 2.75 አይደለም፤ ሲካፈል ግን ያው 10.2 ይመጣል። መሟሸሽ ክብደትን ይቀንሳል እንጂ እፍግታን አይነካም።

ክብደቱ 28 ግራም ሆኖ ከሌላ ማዕድን የተሠራ ቢሆን፣ ከኒኬልና መዳብ ቅይጥ ከሆነ 3.15 ገደማ ይገፋል፤ ናስ ከሆነ 3.3፤ እርሳስ ከሆነ 2.47።

እንግዲህ ያንተን ሁለቱን አጠራጣሪዎች ሳይነከሩም መገመት ይቻላል። 24.58 ግራም የሆነው ስፋቱም ውፍረቱም ከእውነተኛው እኩል ከሆነ ይዘቱም 2.75 ነው፤ 24.58 ለ2.75 ሲካፈል 8.94፤ ይህ የኒኬልና መዳብ ቅይጥ ቁጥር ነው፣ ንጣቱም ከዚያ ነው። 28.11ዱ ደግሞ ከ2.5 ወደ 3 ሚሊ ሜትር ወፍሯል፤ አንድ አምስተኛ ጨምሯል ማለት ነው። ይዘቱ 3.3 ይሆናል፤ ሲካፈል 8.5። ይህ ናስ ነው፤ ላዩ በብር ተለብጧል። የሠራው ሰው ክብደቱን ለማሟላት አወፈረው፤ ያጋለጠውም ውፍረቱ ነው። ቢሆንም ሁለቱንም ንከራቸው፤ ሻጩ ፊት ቁጥር ይዘህ ነው መከራከር ያለብህ።

የአንጥረኛ ልጅ፣ ደሴ፦

ስለ ውኃው የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ስለ እጅ ሥራው እኔ ልጨምር።

ጆሮ ያላቸውን እንዳሉ አትንከራቸው፤ ቁጥሩ የጠገራውም የጆሮውም ቅልቅል ስለሚሆን ምንም አይነግርህም። መጀመሪያ ብየዳው ምን እንደሆነ እይ። ግራጫ ሆኖ በቢላ ጫፍ የሚጫር ከሆነ የእርሳስና የቆርቆሮ ብየዳ ነው። ነጭና ጠንካራ ከሆነ ብር በብር የተበየደ ነው፤ የድሮ አንጥረኞች ሁለት እጅ ብርና አንድ እጅ ናስ ቀላቅለው የሚሠሩት ነው።

የእርሳሱ ብየዳ በቀላል እሳት ይለቃል፣ 250 ዲግሪ አይደርስም። ጠገራውን በጉጠት ይዘህ ከበታች በቀስታ አሙቀው፤ ብየዳው እንደ ውኃ ሲያብረቀርቅ ጆሮውን አንሳና ወዲያው በወፍራም የጥጥ ጨርቅ ጥረገው። የቀረውን በሞረድ አንሳ፤ ግራጫው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ። እርሳሱ ላዩ ላይ እያለ እስኪቀላ ብታሞቀው ግን እርሳሱ ብሩን እየበላ ይሰርጋል፣ ፊቱም ይቦረቦራል። ጭሱም መርዝ ነው፤ ደጅ ሆነህ ሥራ፣ ልጆች አይቅረቡ።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ አልቦው ነው። ብር ውስጥ ትንሽ እርሳስ ከገባ መዶሻ ሲቀምስ ይሰነጠቃል። ሲፈስ ያምራል፣ ሲቀዘቅዝ ያምራል፣ መስፍ ላይ አርፎ ሦስት አራት ጊዜ ሲመታ ግን ጠርዙ እንደ ደረቀ ጭቃ ይከፈታል። ብዙ ሰው «ብሩ መጥፎ ነው» የሚለው ይህን አይቶ ነው። ጥፋቱ ከጆሮው ጋር አብሮ የቀለጠው ብየዳ ነው።

ብየዳው ከጸዳ ጠገራው እንዳለ ለአልቦ ይሆናል። እንዲያውም መዳቡ ለአልቦ ይጠቅማል፤ ንጹሕ ብር ለስላሳ ስለሆነ እግር ላይ ቶሎ ይጣመማል። ለቀጭን የሽቦ ሥራ ከሆነ ግን 833 አይመችም፤ ሲጎተት ቶሎ ይጠነክርና ይበጠሳል። ሥራው 925 ይሁን ካልክ ንጹሕ ብር መጨመር ግድ ነው፤ ለ100 ግራም ጠገራ 122 ግራም ንጹሕ ብር። ለሦስቱ ጠገራህ ከ100 ግራም በላይ ማለት ስለሆነ ለአልቦ አያዋጣም።

አቀላለጡ ላይ ልብ የሚባለው አየር ነው። ጠገራ 779 ዲግሪ ላይ መቅለጥ ይጀምራል፣ ንጹሕ ብር ግን 962 ይፈልጋል፤ ስለዚህ በከሰልና በወናፍ አይቸግርም። የቀለጠ ብር ከአየር ኦክሲጅን ይጠጣል። ንጹሕ ብር ከራሱ ይዘት 20 እጥፍ ገደማ ይይዛል፤ ሲቀዘቅዝ ያንን ይተፋዋል፣ ፊቱ ላይም እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ይተዋል። ስለዚህ በማቅለጫው ላይ ከዱቄት ከሰል ክዳን አድርግበት። ቦራክስ በሁለት ጣት ቆንጥሮ መጨመር በቂ ነው፤ ብዙ ቦራክስ ሸክላውን ይበላዋል። የምታፈስበትን ቅርጽ አስቀድመህ አሙቀው። እርጥብ ወይም ቀዝቃዛ ከሆነ ብሩ ይረጫል፤ ዓይን ያጠፋል።

ስትቀጠቅጠው ሲጠነክር ታውቀዋለህ፤ መዶሻው ይነጥራል። ያኔ ጥላ ውስጥ ሆነህ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አሙቀው፤ ቅላቱ እንደጠፋ ውኃ ውስጥ ክተተው። ብር እንደ ብረት አይደለም፤ ውኃ ሲነካው ይለሰልሳል እንጂ አይጠነክርም። በፀሐይ ብርሃን አትሥራ፤ ቅላቱን አታየውም፣ ሳታውቀው ታቀልጠዋለህ።

ስለ ድንጋይ ፍተሻ አንድ ነገር። ጥቁሩ መፈተኛ ድንጋይ ላይ ፍቀህ ናይትሪክ አሲድ ብታደርግ፣ አረንጓዴ ሆኖ ከፈላ ናስ ወይም መዳብ ነው። ግን ላዩን ብቻ አትፍቅ። የተለበጠው ላዩ እውነተኛ ብር ነው፤ አያጋልጥም። በእሳት ሞቆ በአሲድ የነጣ ጠገራም ላዩ ላይ ያለው መዳብ ተበልቶ ንጹሕ የብር ቆዳ ብቻ ስለሚቀር ከውስጡ የተሻለ ሆኖ ይታያል። ጆሮ የነበረበትን ቦታ በሞረድ ጠለቅ አድርገህ ከዚያ ፍቀው። ጽሑፍ ያለበትን ጠርዝ አትንካ።

የድሮ ገንዘብ፦

1780 ስለሚለው። ይህ ቁጥር የጠገራውን ዕድሜ አይናገርም። ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ያረፉት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1780 ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተመታው ጠገራ ሁሉ፣ በዚህ ዘመን ቪየና የሚመታውም ጭምር፣ 1780 ይላል። ምክንያቱ ንግድ ነው። በእኛ አገር፣ በየመንና በቀይ ባሕር ዙሪያ ሰው የለመደው ያንን መልክ ስለነበር መልኩ ከተለወጠ አይወስድም ነበር። አባቶቻችን ከደረቷ ላይ ያለውን የጌጥ ዕንቁ ሳይቀር ቆጥረው ነው የሚቀበሉት፤ ዘጠኝ መሆን አለበት። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1935 የማተሚያ ቅርጹን ወደ ሮም ሲያስወስድ ለንደንም በተከታዩ ዓመት የራሷን መምታት ጀመረች። ፓሪስ፣ ብራሰልስ፣ ቦምቤይና በርሚንግሃምም መትተዋል። ስለዚህ እጅህ ላይ ያለው የ200 ዓመትም የ70 ዓመትም ሊሆን ይችላል። ከየት እንደወጣ የሚለየው በንስሩ የጅራት ላባ፣ በዕንቁዎቹ አቀማመጥና በፊደሎቹ አጣጣል ነው፤ ያንን ለይቶ ያላሳየህ ሻጭ የዕድሜ ዋጋ ሊጠይቅህ አይገባም። ያልተለየ ጠገራ በብሩ ይሸጣል።

ማየት ያለብህን ልንገርህ። ከምስሏ በታች ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደሎች አሉ፤ ጉንስቡርግ በተባለው ማተሚያ የነበሩት የሁለት ሹማምንት ስም መነሻዎች ናቸው። በንስሩ በኩል ከ1780 ቀጥሎ ትንሽ የተጋደመች መስቀል አለች። ዋናው ግን ጠርዙ ነው። ዙሪያውን በላቲን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል፣ ከፍ ብሎ የወጣ ጽሑፍ አለው፤ በቃላቱ መሐልም ጌጥ አለ። በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ አስመሳይ ይህን ጥርት አድርጎ ማውጣት አይችልም፤ ፊደሎቹ እንደ ሟሟ ሳሙና የለሰለሱ ይሆናሉ፤ ሁለቱ ግማሾች የተጋጠሙበት መስመር ጠርዙ ላይ ይታያል፣ ወይም ያንን መስመር ለማጥፋት ሲሞረድ ጽሑፉ አብሮ ጠፍቷል። በማጉያ መነጽር ሜዳው ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ካየህ የፈሰሰ ነው፤ እውነተኛው የተመታ ስለሆነ እንደዚያ አይነት ቀዳዳ የለውም።

ከመሐላቸው የምኒልክ ብር ካገኘህ ግን በምንም አይነት አታቅልጠው። ፓሪስ የተመታው የ1887 ዓ.ም. ብር 28.075 ግራም ነው፣ 835 እጅ ብር፤ በብሩ መጠን ከጠገራ እምብዛም አይለይም፤ ሰብሳቢ የሚከፍልበት ግን ለብሩ አይደለም። አላዱም (ግማሽ ብሩ) ሩቡም እንደዚሁ። የጃንሆይ የ1936 ዓ.ም. ሃምሳ ሳንቲምም ብር አለበት፤ የመጀመሪያው 80 ከመቶ፣ በኋላ የተመታው 70 ከመቶ። አዲሱ የወረቀት ብር ሐምሌ 16 ቀን 1937 ሥራ ላይ ሲውል ሰው ከጠገራ ወደ ወረቀት እንዲሻገር ይህ ሳንቲም የእምነት መያዣ ነበር። ብዙ ቤት በቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ ተንጠልጥሎ አለ፤ ሰው አያስተውለውም።

አታጽዳቸው። ይህን ደግሜ እላለሁ። አመድ፣ ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና የነካው ጠገራ በዓይን ያብረቀርቃል፤ በሰብሳቢ ዘንድ ግን ተበላሽቷል፣ የተቧጨረ ፊት ተመልሶ አይመጣም። ጥቁረቱ ዝገት አይደለም፤ ብሩ ከአየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ሲገናኝ የሚሠራው ስስ ንጣፍ ነው። የኩበትና የእንጨት ጢስ የሚገባበት ቤት ያፋጥነዋል፤ የሱፍ ጨርቅና የላስቲክ ማሰሪያም እንደዚሁ። ጥቅልሉን በላስቲክ አስሮ ሣጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ ሰው ከጥቂት ጊዜ በኋላ የላስቲኩን መስመር ጥቁር ሆኖ ያገኘዋል። ለስላሳውና የሚሸተው ፕላስቲክ ከረጢትም አይሁን፤ ጊዜ ሲቆይ አረንጓዴ ንፍጥ ያወጣል። በንጹሕ ነጭ ወረቀት ለየብቻ ጠቅልላቸው። ጌጥ የሆነ ብርን ግን ማጽዳት ይቻላል፦ በአሉሚኒየም ፎይል የተነጠፈ ሳሕን፣ ለግማሽ ሊትር ሙቅ ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፤ ጌጡ ፎይሉን እንዲነካ አድርገህ ጥቂት ደቂቃ ተወው። ድኙ ወደ አሉሚኒየሙ ይሄዳል፤ ብሩ አይፋቅም።

ከአገር ይዞ ስለ መውጣትም፦ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ማውጣት ይከለክላል። በውጭ ያለ ዘመድ «ላኩልኝ» ቢል አስቀድሞ ፈቃድ ይጠየቅ።

ወቄት፦

ስለ ኦንሱ ጥያቄ። መጀመሪያ ቃሉ ሰውን ያሳስታል። የእኛ ወቄት ድሮ የሚለካው በአንድ ጠገራ ክብደት ነው፤ 28 ግራም ገደማ። የዓለም የወርቅና የብር ገበያ ኦንስ ግን 31.1035 ግራም ነው። «አንድ ወቄት» ተባብሎ ተስማምቶ አንዱ 28፣ ሌላው 31 ካሰበ ከአሥሩ ወቄት አንዱ መንገድ ላይ ይቀራል። ሁልጊዜ በግራም ተነጋገር።

ለማስቀመጥ የሚመቱት የብር ሳንቲሞች የአሜሪካው ንስር፣ የካናዳው የሜፕል ቅጠል፣ የኦስትሪያው ፊልሃርሞኒክ ናቸው። ሁሉም 31.1 ግራም ንጹሕ ብር አላቸው፤ ከሺህ 999 ወይም ከአሥር ሺህ 9999 እጅ። ጠገራ 23.39 ግራም፣ ማለትም 0.752 ኦንስ ነው። ሲወዳደሩ በግራም ብር ነው የሚወዳደሩት። ስሌቱ፦ የዕለቱን የኦንስ ዋጋ ለ31.1 አካፍል፣ በክብደቱ አባዛ፣ ከዚያ በ0.833 አባዛ። ለምሳሌ ኦንሱ 30 ዶላር ቢሆን ያልተሟሸሸ ጠገራ ውስጥ የ22.56 ዶላር ብር አለ።

የእኔ ፍርድ፦ ወሎ ውስጥ ለሚኖርና ወሎ ውስጥ ለሚሸጥ ሰው ጠገራው ይሻላል። የውጭው ሳንቲም ሲገዛ ከብሩ ዋጋ በላይ ይከፈልበታል፤ ለመመቻው፣ ለነጋዴው፣ ለማጓጓዣው። ደሴም ባቲም ያለ አንጥረኛ ሲገዛህ ያንን ጭማሪ አይመልስልህም፤ የሚከፍልህ ለሚያቀልጠው ብር ነው። ንጹሕነቱ 999 መሆኑም በመፋቅና በአሲድ ብቻ ቶሎ አያምነውም። ጠገራን ግን ሁሉም ያውቀዋል። የውጭው ሳንቲም የሚያዋጣው ሽያጩም ውጭ ከሆነ ነው።

ጠገራ ውስጥ መዳብ መኖሩን እንደ ጉድለት የሚያይ ሰው አለ። ንጹሕ ብር ለስላሳ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ገንዘብ ቢሆን ቶሎ ያልቃል። በወርቅም ያው ነው። የደቡብ አፍሪካው ክሩገራንድ 22 ካራት ነው፤ ጠቅላላ ክብደቱ 33.93 ግራም ሆኖ ውስጡ በትክክል አንድ ኦንስ ወርቅ አለ። መዳቡ ተጨመረ እንጂ ከወርቁ አልተቀነሰም። 21 ካራት 875፣ 18 ካራት 750 እጅ መሆኑን ይዘህ ያንኑ ስሌት ለወርቅም ልትጠቀምበት ትችላለህ።

የውኃው ፍተሻ ግን በወርቅ ላይ ቀዳዳ አለው፤ ጥንቃቄ ይወሰድ። የንጹሕ ወርቅ እፍግታ 19.32 ነው፣ የተንግስተን 19.25። ውስጡ ተንግስተን ሆኖ ላዩ በወርቅ የተሸፈነ ቁራጭን በዚህ ሚዛን አትለየውም።     

ዘካውን በተመለከተ ስሌቱን ብቻ ልስጥ። የብር ኒሳብ፣ ማለትም ዘካ የሚጀምርበት ዝቅተኛ ልክ፣ 595 ግራም ተብሎ ይያዛል። የሚቆጠረው ንጹሑ ብር ከሆነ 25 ጠገራ አይሞላውም፣ 26 ያልፈዋል። ጌጥ ላይ መዝሀቦቹ (የእስልምና ሕግ ትምህርት ክፍሎቹ) ይለያያሉና ሸኽህን ጠይቅ።

የሐይቅ ልጅ፦

አላህ ይስጥልኝ። ሁሉንም ነከርኳቸው። ዘጠኙ 10.14 እና 10.25 መሐል መጡ። 24.58ቱ 2.76 ገፋ፤ 8.91። 28.11ዱ 3.31 ገፋ፤ 8.49። የሦስቱ ጆሮ በሻጩ ፈቃድ ወጣ፤ የእርሳስ ብየዳ ነበር። ሁለቱ 10.2 አካባቢ ናቸው። ሦስተኛው 28.02 መዝኖ 2.79 ገፋ፤ 10.04 ሆነብኝ። ይህን ምን ልበለው?

ልክና ሚዛን፦

10.04 ለናስም ለኒኬልም ሩቅ ነው። የገፋው ውኃ ከሚጠበቀው በ0.04 ሴንቲ ሜትር ኩብ ብቻ ነው ያለፈው፤ ያ ማለት አንድ የምስር ፍሬ የምታህል አረፋ ናት። ጆሮው የነበረበት ቦታ ሸካራ ሆኖ አረፋ ይዟል፣ ወይም ከሥሩ የቀረ ብየዳ አለ፤ ሁለቱም ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትቱታል። ጠገራውን በሳሙና ውኃ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ነካ ነካ አድርገው፣ ውኃ ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ አገላብጠውና እንደገና ለካ። ሦስት ጊዜ ለክተህ ሦስቱም 10.04 ከሆኑ ብየዳው አልጸዳ ይሆናል።

አንድ ያልተጠቀሰ ወጥመድ ግን አለ። 80 እጅ እርሳስና 20 እጅ ቆርቆሮ ሲቀላቀሉ እፍግታቸው 10.2 ይመጣል፤ በትክክል የጠገራ ቁጥር። ስለዚህ ውኃው ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል፣ እሱም ድምፁ ነው። ጠገራውን በጣትህ ጫፍ ላይ አስቀምጠህ ጠርዙን በሌላ ጠገራ ነካ አድርገው። ብር ድምፁን ይዞ ይቆያል፤ የእርሳስ ቅይጥ «ዱብ» ብሎ ይሞታል፤ ነጭ ወረቀት ላይ ሲፋቅም ግራጫ መስመር ይተዋል። የተሰነጠቀ እውነተኛ ጠገራም ድምፁ ይሞታል፤ ስለዚህ ድምፅ ብቻውንም አይፈርድም።

የአንጥረኛ ልጅ፣ ደሴ፦

ሦስተኛም ካስፈለገ የጨው ውኃ አለ። ጆሮው ከነበረበት በሞረድ የወጣውን ብናኝ፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ትበቃለች፣ በሁለት ጠብታ ናይትሪክ አሲድ አሟሟት፤ ቡናማው ጭስ ሳንባ ይጎዳልና ደጅ ይሁን፣ ጓንትም አድርግ። ከዚያ የጨው ውኃ ጠብ አድርግበት። ብር ካለ ወዲያው እንደ እርጎ የረጋ ነጭ ነገር ይወጣል። እርሳስም ነጭ ያወጣል፤ ልዩነቱ የእርሳሱ ነጭ የፈላ ውኃ ሲጨመርበት ይሟሟል፣ የብሩ አይሟሟም። የብሩን ፀሐይ ላይ ብታስቀምጠው ወይን ጠጅ መሳይ ሆኖ ይጠቁራል።

ወቄት፦

እንግዲህ 12 ጠገራ ነው ያለህ። ዘጠኙ አማካይ 27.84 ከሆኑ 250.6 ግራም፣ ሦስቱ ከነጹ በኋላ 83.7 ገደማ፤ በጠቅላላ 334.3። በ0.833 ሲባዛ 278.5 ግራም ንጹሕ ብር፤ ከ9 ኦንስ ትንሽ ያንሳል። ከ595 በታች ስለሆነ ሌላ ብር ወይም ገንዘብ ከሌለህ ኒሳብ አልሞላም። ሻጩ ዘንድ በ14 ሳይሆን በ278.5 ግራም ቀርበህ ተነጋገር። ሁለቱ አስመሳዮች «በነጻ ውሰዳቸው» ቢልህም አትውሰድ፤ ነገ ከአንተ እጅ ወደ ሌላ ሰው እጅ እንዳይገቡ።